ትምህርትና ታዛዥነት በሶሻሊስት ማኅበሮች

ፖለቲካን ዓላማ አድርጎ የሚነሣ ማናቸውም ማኅበር ከአባሎቹ ሁለት ነገር ይሻል። አንደኛው ዓላማውን እንዲያውቁለት ነው፤ ሁለተኛውም የተወሰነውን እንዲፈጽሙለት ነው። የመጀመሪያው በትምህርት የሚገኝ ሲሆን ሁለተኛው ዲሲፕሊን ይባላል። የሶሻሊስት ማኅበሮችን ያህል እነዚህን ሁለቱን አጥብቆ የያዘ፥ ስለ እነርሱም ብዙ የጻፈና ብዙ የተከራከረ ያለ አይመስለንም። ዕድር አባሉን መዋጮውን ከከፈለና በሐዘን ቀን ከተገኘ ሌላ ነገር አይጠይቀውም። የሶሻሊስት ማኅበር ግን አባሉ መጽሐፍ እንዲያነብ፥ ያነበበውን ለሌላው እንዲያስተምር፥ ድምፅ ከተሰጠ በኋላም የራሱን አሳብ ወደ ጎን ትቶ የብዙኃኑን እንዲፈጽም ያዘዋል።

ስለዚህ ጉዳይ ዛሬ ለመጻፍ ያሰብንበት ምክንያት አለን። በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ተማሪዎችና አዲስ ወደ ሥራ የገቡ ወጣት ሹማምንት የአባቶቻቸውን ዘመን ታሪክ ሲያነቡ፥ «ያን ያህል ያነበበና ያን ያህል የተደራጀ ትውልድ እንዴት እርስ በርሱ ተላለቀ?» እያሉ ሲጠያየቁ እንሰማለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚሰጠው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ችኩል ነው። አንዳንዱ ጥፋቱን ሁሉ በማርክስ መጻሕፍት ላይ ይጥላል፤ ሌላው ደግሞ በወጣትነት ግልፍተኝነት ያሳብባል። እኛ ግን ነገሩ ከዚህ ይልቅ በአሠራር ላይ የተመሠረተ ነው ብለን እናምናለን። ይኸውም ጥናቱ እንዴት ይካሄድ ነበር? የተቃወመ ሰውስ ተቃውሞውን የት ያኖር ነበር? የሚለው ነው። ይህንንም ለማየት አስቀድሞ ወደ ጀርመን አገር መሄድ ያስፈልጋል፤ የአባልነት ትምህርትና የአባልነት ዲሲፕሊን አብረው ያደጉት፥ አብረውም የተፈተኑት በዚያ ነውና። የውጭውን አገር ታሪክ እንደ ኤሮፓ አቈጣጠር፥ የአገራችንን ግን እንደ እኛው አቈጣጠር ጽፈነዋል።

በጀርመን ሁለት የሠራተኛ ማኅበሮች በ1875 ጎታ በምትባል ከተማ ተሰብስበው አንድ ሆኑ። ሦስት ዓመት እንዳለፈ ቢስማርክ ማኅበሩን የሚከለክል ሕግ አስወጡ። ጋዜጦቹ ታገዱ፤ ስብሰባዎቹ ተበተኑ፤ ብዙ ሰዎችም ከሚኖሩበት ከተማ ተባረሩ። ሕጉ ከ1878 እስከ 1890 ድረስ 12 ዓመት ጸንቶ ቆየ። በእነዚህ ዓመታት የማኅበሩ ጋዜጣ በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ ይታተምና በድብቅ ድንበር እየተሻገረ ለአንባቢዎቹ ይደርስ ነበር። ሥራውን ይመሩ የነበሩት ዩሊዩስ ሞቴለር ሲሆኑ፥ አባሎቹ ይህን የድብቅ ማመላለሻ «ቀይ የጦር ሜዳ ፖስታ» እያሉ ይጠሩት ነበር።

በዚህ ጊዜ የነበረው ዲሲፕሊን ከመጽሐፍ የተቀዳ አልነበረም። የአንድ ሰው ምላስ ቢያመልጥ ብዙ ቤተ ሰብ ያለ አባት ይቀራል፤ ስለዚህ ምስጢር መጠበቅም፥ በቀጠሮ መገኘትም፥ የተሰጠውን ጥቅል ሳይፈቱ ማድረስም ግድ ነበር። ውጤቱም በምርጫ ታየ። በ1878 ማኅበሩ ያገኘው ድምፅ 437 ሺሕ ያህል ሲሆን፥ ሕጉ ሊሻር በተቃረበበት በ1890 ከ1 ሚሊዮን 400 ሺሕ በላይ ሆነ። ነገር ግን ከዚህ ይበልጥ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ማኅበሩ በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ሆኖ ጉባኤውን አላስታጐለም። በ1880 በስዊስ አገር በቪደን፥ በ1883 በኮፐንሃገን፥ በ1887 ደግሞ በሳንክት ጋለን ሦስት ጊዜ ከአገር ውጭ ተሰብስቦ ተከራከረ፤ ድምፅም ሰጠ። ዲሲፕሊኑም የላላ አልነበረም፤ በቪደኑ ጉባኤ ሁለት የታወቁ አባሎች እስከ መባረር ደርሰዋል። የሆነ ሆኖ ምስጢር መጠበቅ አንድ ነገር፥ ክርክርን መከልከል ሌላ ነገር እንደ ሆነ በዚህ ይታወቃል። ይህን ልዩነት አንባቢዎቻችን እንዲይዙልን እንፈልጋለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

ሕጉ ከተሻረ በኋላ ማኅበሩ እየሰፋ ሄደ። የአባሉም ቍጥር በ1914 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደረሰ። አባል ሲበዛ ጋዜጣ አዘጋጅ፥ ተናጋሪና ጸሓፊ ያስፈልጋል። ስለዚህ በኅዳር ወር 1906 በበርሊን የፓርቲው ትምህርት ቤት ተከፈተ። በየዓመቱ ሠላሳ ያህል ሰዎች ከየአውራጃው ማኅበርና ከሠራተኛ ማኅበራት እየተመረጡ ይመጡና ስድስት ወር ይማሩ ነበር። አናጢ፥ ማዕድን ቈፋሪ፥ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ አብረው ይቀመጡ ነበር። ትምህርቱም የኤኮኖሚ ዕውቀት፥ ታሪክ፥ የሠራተኛ ሕግ፥ የጽሕፈትና የንግግር ጥበብ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ መምህራን ሁለቱ፥ ሆላንዳዊው አንቶን ፓነኩክና የኦስትርያው ተወላጅ ሩዶልፍ ሂልፈርዲንግ፥ የውጭ አገር ሰዎች ስለ ነበሩ የፕሩስያ ፖሊስ ከአገር እናስወጣችኋለን ብሎ ስላስፈራራቸው ማስተማራቸውን ተዉ። በዚህም ምክንያት ከ1907 ጀምሮ የኤኮኖሚውን ትምህርት ሮዛ ሉክሰምቡርግ ያዙት። እርሳቸውም በሩስያ ግዛት በነበረችው ፖሎኝ የተወለዱ ነበሩ፤ ዳሩ ግን በጋብቻ የጀርመን ዜግነት አግኝተው ስለ ነበር ፖሊስ እንደ ሁለቱ ሊያስወጣቸው አልቻለም።

ሮዛ ሉክሰምቡርግ እንዴት ያስተምሩ እንደ ነበር ተማሪዎቻቸው በኋላ መስክረዋል። ጽሑፍ አንብበው አስጽፈው አይወጡም ነበር። ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ተማሪው ይመልሳል፤ መልሱን ይዘው ሌላ ጥያቄ ያነሡበታል፤ ያም ሌላ ይወልዳል፤ እንደዚህ እያሉ ተማሪው የራሱ መልስ የት ላይ እንደሚሰበር ራሱ እስኪያየው ድረስ ይሄዳሉ። በ1908 በኑርንበርግ ጉባኤ ስለዚህ ትምህርት ቤት ከባድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቹ ተናጋሪዎች ለሠራተኛው የሚጠቅመው የዕለት ሥራውን የሚመለከት ተግባራዊ ዕውቀት ነው እንጂ ንድፈ አሳብ አይደለም አሉ። ሮዛም የዕለቱን ኑሮ ሠራተኛው ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል፤ የጐደለው ያየውን ሁሉ በሥርዓት የሚያይበት አእምሮ ነው ሲሉ መለሱ። እኛም በዚህ ክርክር ከእርሳቸው ጋር ነን። ለወጣት ሹም ስንት ቅጽ እንደሚሞላ ማሳየት ቀላል ነው፤ ቅጹ ለምን እንደ ተዘጋጀ ማስተማር ግን ሌላ ሥራ ነው።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ትምህርት ቤት የነበረው፥ ይህን ያህል አባል ያፈራ፥ በ1912 ምርጫ 110 እንደራሴዎች ወደ ሸንጎ ያስገባ ማኅበር በነሐሴ ወር 1914 ምን ሆነ?

የጀርመን መንግሥት ወደ ጦርነት በገባ ጊዜ ለጦርነቱ የሚሆን ብድር እንዲፈቀድለት ሸንጎውን ጠየቀ። ፓርቲው ለብዙ ዓመታት በጉባኤ ሁሉ ጦርነትን ሲቃወም የኖረ ነበር። ኦገስት 3 ቀን እንደራሴዎቹ ለብቻቸው ተሰብስበው መከሩ። 78ቱ ብድሩ ይፈቀድ አሉ፤ 14ቱ አይፈቀድ አሉ። በማኅበሩ ሕግ መሠረት እንደራሴዎቹ በሸንጎ ውስጥ አንድ ድምፅ መስጠት ስለ ነበረባቸው በማግሥቱ ኦገስት 4 ቀን 14ቱም ከብዙኃኑ ጋር ቆመው ድጋፋቸውን ሰጡ። ከእነርሱም መካከል ጠበቃው ካርል ሊብክኔኽት ነበሩ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የሁጎ ሃዘ ነገር ነው። ሃዘ ከፓርቲው ሁለት ሊቀ መናብርት አንዱ ነበሩ፤ በስብሰባውም ብድሩን አጥብቀው ተቃውመው ነበር። ዳሩ ግን ፓርቲው ለምን እንደ ደገፈ የሚገልጸውን ቃል በሸንጎ ፊት ቆመው እንዲያነቡ የተደረጉት እርሳቸው ናቸው። ያላመኑበትን ቃል በራሳቸው አፍ አነበቡ።

በዚያው ማታ በሮዛ ሉክሰምቡርግ ቤት ጥቂት ሰዎች ተሰበሰቡ። ከተሰበሰቡትም አንዱ በ1907 ዓመት የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ የነበሩት ቪልሄልም ፒክ ነበሩ። ትምህርት ቤቱም ጦርነቱ እንደ ተጀመረ ተዘጋ፤ ዳግመኛም አልተከፈተ። ለስምንት ዓመት ያህል ሁለት መቶ የሚሆኑ ሰዎች አስተምሮ ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ሁለት ዐይነት ፍርድ ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው 14ቱ ፈሪዎች ነበሩ ማለት ነው። እኛ ይህን አንልም። ሊብክኔኽት በ1907 የወታደር አገዛዝን የሚነቅፍ መጽሐፍ በመጻፋቸው ተፈርዶባቸው የታሰሩ ሰው ናቸው፤ ፍርሃት አይጠረጠርባቸውም። ያሰራቸው የማኅበሩ ዲሲፕሊን ነው፤ ከቢስማርክ ሕግ ዘመን ጀምሮ ያዳናቸው ዲሲፕሊን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ምሳሌ የእነርሱም አባቶች በሌላ ቃል ያውቁት ነበር። ሁለተኛው ፍርድ ደግሞ እንግዲያውስ ዲሲፕሊን የሚባል ነገር ከነአካቴው ይቅር ማለት ነው። ይህንም አንልም፤ እያንዳንዱ እንደ ወደደ የሚያደርግበት ማኅበር እንኳንስ መንግሥት ሊለውጥ የስብሰባ አዳራሽ ኪራይም መክፈል አይችልም። የነገሩ ሥር ያለው የ14ቱ ተቃውሞ የት ገባ በሚለው ላይ ነው። ከተዘጋው ክፍል አልወጣም። አንድ ሚሊዮኑ አባል በማግሥቱ በጋዜጣ ያነበበው መሪዎቹ ሁሉ ባንድ ልብ እንደ ተስማሙ ነው። ስለዚህ በየአውራጃው የተጠራጠረ ሰው ሁሉ፥ የተጠራጠርኩ እኔ ብቻ ነኝ፥ ብሎ ዝም አለ። በትምህርት ቤቱ መጠየቅን የተማረ ሰው ጥያቄውን የሚያነሣበት ወንበር አጣ።

ሊብክኔኽት ከአራት ወር በኋላ፥ ዲሴምበር 2 ቀን፥ ሁለተኛው ብድር በቀረበ ጊዜ ለብቻቸው ተነሥተው ተቃወሙ። ከዚህ በኋላ የሆነው እንደሚጠበቀው ነው። በጥር ወር 1916 ከእንደራሴዎቹ ጓድ ተባረሩ፤ በመጋቢት ሃዘና ሌሎች 17 እንደራሴዎች ተከተሉ፤ በ1917 ፓርቲው በዚያችው በጎታ ከተማ ለሁለት ተከፈለ። አንድነትን ለመጠበቅ ተብሎ የታፈነው ቃል አንድነቱን ራሱን አፈረሰው። ሮዛና ሊብክኔኽት ጥር 15 ቀን 1919 በበርሊን በወታደሮች እጅ ተገደሉ፤ ሃዘም በዚያው ዓመት በጥይት ቈስለው ሞቱ።

የሩስያውን በአጭሩ እናልፈዋለን፤ አንባቢዎቻችን ብዙውን ያውቁታልና። «ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት» የሚባለው ደንብ በ1906 በስቶክሆልም ጉባኤ ወደ ሩስያ ሶሻል ዴሞክራቶች ሕግ ሲገባ ትርጓሜው ሲወያዩ ነጻነት፥ ሲሠሩ አንድነት የሚል ነበር። በመጋቢት 1921 ግን አሥረኛው ጉባኤ በረኀብና በዐመፅ መካከል ሆኖ በፓርቲው ውስጥ የተለየ ቡድን መፍጠርን ከለከለ። ለችግር ቀን የወጣ ደንብ መሆኑ ተነግሮ ነበር፤ ችግሩ ሲያልፍ ደንቡ ግን አላለፈም። በ1938 የፓርቲውን ታሪክ የሚናገር አንድ አጭር መማሪያ መጽሐፍ ወጣና ጥናት ማለት እርሱን ማጥናት ሆነ። ጥያቄውም መልሱም ታትሞ የመጣ ስለ ሆነ ተማሪው የሚጨምረው አልነበረውም።

ከዚህ ይልቅ ቆም ብለን የምናየው የአንድ ሰው ታሪክ አለ። ፓውል ሌቪ ሮዛ ከሞቱ በኋላ የጀርመንን ኮሙኒስት ፓርቲ የመሩ ጠበቃ ነበሩ። በመጋቢት 1921 ፓርቲው በመካከለኛው ጀርመን ያለ በቂ ዝግጅት ዐመፅ አስነሥቶ ብዙ ሠራተኛ ሞተ፤ ታሰረም። ሌቪ ይህን ስሕተት በታተመ ጽሑፍ በይፋ ነቀፉ፤ ዲሲፕሊን አፍርሰሃል ተብለው ተባረሩ። በዚያው ዓመት በሞስኮ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የሌቪን ነቀፋ አብዛኛውን ተቀብሎ የፓርቲውን መንገድ አስለወጠ፤ መባረራቸውን ግን አጸና። ሌኒንም ራሳቸው በነገሩ ሥር ሌቪ ትክክል መሆናቸውን ያምኑ ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው እውነቱን በመናገሩ ከቤት ተባርሮ፥ የተናገረው እውነት ግን በቤቱ ውስጥ ሥራ ላይ ሲውል ይታያችሁ። በየመሥሪያ ቤቱም ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አሳቡን ወስደው ባለ አሳቡን ወደ ሩቅ አውራጃ የሚያዛውሩ አለቆች ይኖራሉ።

የሮዛ ተማሪ የነበሩት ቪልሄልም ፒክ ደግሞ በ1949 የምሥራቅ ጀርመን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚያ አገር በየዓመቱ ጥር ወር ለሮዛና ለሊብክኔኽት መታሰቢያ የመንግሥት ሰልፍ ይደረግ ነበር። በ1988 ዓመት ሰልፍ ጥቂት ሰዎች፥ ነጻነት ለተለየ አሳብ ባለቤትም መሆን አለበት የሚለውን የሮዛን አሳብ በጨርቅ ላይ ጽፈው ሊወጡ ሲሉ በፖሊስ ተያዙ። መምህሯ በምትዘከርበት ቀን የመምህሯን ቃል መያዝ ወንጀል ሆነ።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስል የሚያደርግ እውነተኛ ሰንሰለት አለ። የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ፥ መኢሶን፥ በነሐሴ 1960 ዓ.ም. የተመሠረተው በሃምቡርግ ከተማ ነው። በኋላ የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ፥ ኢሕአፓ፥ የሆነው ድርጅትም በሚያዝያ 1964 ዓ.ም. የተመሠረተው በበርሊን ነው። ሁለቱም ማኅበሮች በጀርመን ከተሞች በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች እጅ ተወለዱ፤ ይዘውት የገቡት ዲሲፕሊን ግን የ1906ቱን የበርሊን ትምህርት ቤት ሳይሆን ከ1921 በኋላ የመጣውን መልክ ነበር።

በ1966 ዓ.ም. ክረምት የአንዱ ድርጅት ወገን «ዴሞክራሲያ»ን፥ የሌላው ወገን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»ን በኅቡእ ማሠራጨት ጀመሩ። በየሰፈሩና በየትምህርት ቤቱ የጥናት ክበብ ተቋቋመ። የዚያን ጊዜ ወጣት የንባብ ፍቅር የሚያስቀና ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ቋንቋችንም አዳዲስ ቃላት አገኘ፤ ወዛደር፥ ከበርቴ፥ ተራማጅ፥ አድኃሪ፥ አንጃ። ከነዚህ ሁሉ የሚያስደንቀን «ሂስና ግለ ሂስ» የሚለው ነው። ሂስ ከግእዝ የመጣ ሲሆን ነቀፋ ማለት ነው። አባል ጓዱን እንዲነቅፍ፥ ራሱንም እንዲነቅፍ የወጣ ደንብ ነው። በወረቀት ላይ እጅግ ያማረ ነው። ዳሩ ግን አንድ ነገር ጐደለው፤ ነቀፋው ወደ ጎንና ወደ ታች ይሄድ ነበር እንጂ ወደ ላይ የሚወጣበት ደረጃ አልነበረውም። አባል ስለ መዘግየቱ፥ ስለ ስንፍናው፥ ስለ «ንዑስ ከበርቴ ጠባዩ» ራሱን ይነቅፋል፤ የመሪዎቹን ውሳኔ ግን የሚነቅፍበት ጉባኤ የለውም። አባሎቹ በትናንሽ ሕዋስ ተከፍለው አንዱ ሕዋስ ሌላውን እንዳያውቅ ስለ ተደረገ፥ ጥያቄ ያለው ሰው ጥያቄውን የሚነግረው ትእዛዙን ላመጣለት ለዚያው ሰው ነበር። ኅቡእነቱ ያለ ምክንያት እንዳልነበረ እናውቃለን። ከላይ ያልነውን የቪደንና የኮፐንሃገን ጉባኤ እንድታስታውሱ የምንፈልገው ግን እዚህ ላይ ነው።

ጥናቱም ራሱ እንዴት እንደ ነበር እንይ። ከአብነት ትምህርት ቤታችን ጋር ማነጻጸር ይቻላል። በንባብ ቤት ልጅ የተነገረውን ይደግማል፤ ይህም ተገቢ ነው፤ ፊደል አይመረመርምና። በቅኔ ቤት ግን ተማሪው ራሱ ቈጥሮ ያመጣል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ጓደኞቹ ይተቹታል፤ የትናንቱን ቅኔ ደግሞ ቢያመጣ ይሣቅበታል። በመጻሕፍት ቤትም መምህሩ አንድ ቃል ሲተረጕም «አንድም» እያለ ሌላውን ትርጓሜ ይጨምራል እንጂ የመጀመሪያው ብቻ ነው ብሎ አይዘጋም። የ1960ዎቹ የጥናት ክበብ አንብቦ የመጣው ትውልድ ለቅኔ ቤት የደረሰ ነበር፤ የገባው ግን ንባብ ቤት ነው።

ከዚያ የሆነውን መተረክ ያማል። በ1968 ዓ.ም. መጨረሻና በ1969 ዓ.ም. በኢሕአፓ አመራር ውስጥ በከተማ የትጥቅ ትግል ይደረግ ወይስ አይደረግ በሚለው ላይ ልዩነት ተነሣ። ትግሉን በከተማ ማድረግ አይበጅም ያሉት «አንጃ» ተባሉ። ከእነርሱ አንዱ አቶ ጌታቸው ማሩ በድርጅቱ ሰዎች እጅ እንዳሉ ተገደሉ፤ ሌላው አቶ ብርሃነ መስቀል ረዳ ከድርጅቱ ከተለዩ በኋላ በደርግ ተይዘው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የነቀፉት መንገድ ስንት ወጣት እንዳስበላ ዛሬ የማያውቅ የለም። መኢሶንም በበኩሉ ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» እሰጣለሁ አለ። በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ሲታወጅ የሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ የየካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ድጋፉ ቀረ፤ ሂሱ ግን ቦታ አላገኘም። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. መኢሶን ኅቡእ ሲገባ መሪዎቹ ብዙ ሳይርቁ ተያዙ፤ ሊቀ መንበሩ አቶ ኃይሌ ፊዳም በኋላ ተገደሉ።

የየካቲት 66 ትምህርት ቤት ግን ቀጠለ። ካድሬዎች በዚያ ተምረው፥ አንዳንዶቹም ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተልከው፥ በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው የውይይት ክበብ መሪዎች ሆኑ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ሲመሠረት ማርክሲዝም ሌኒኒዝም በዩኒቨርሲቲ ሁሉ የሚማረው ትምህርት ሆኖ ነበር። በውይይቱ ሰዓት የሚገኝ ሠራተኛ መገኘቱ ይመዘገባል፤ ምን እንደ ገባው ግን የሚጠይቀው አልነበረም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ሠራተኛው «ግምገማ» የሚባል ነገር አወቀ፤ ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነትም የገዢው ግንባር ደንብ ሆኖ ቆየ። በ1993 ዓ.ም. በሕወሓት ማዕከላዊ ኮሚቴ ውስጥ ክፍፍል ሲነሣ ድምፅ ያነሳቸው 12 አባሎች ስብሰባውን ጥለው ወጡ፤ ከኮሚቴውም ታገዱ። ዘመኑ ይለወጣል እንጂ አነሱ የተባሉት ሰዎች ቃል የሚቀመጥበት መዝገብ ያለመኖሩ ነገር አልተለወጠም።

ይህ መዝገብ ግን ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በፍርድ ቤቶቻችን ሦስት ዳኞች በአንድ ችሎት ተቀምጠው ሁለቱ ሲስማሙ ሦስተኛው በአሳብ የተለየ እንደ ሆነ የልዩነቱን ምክንያት ጽፎ ከፍርዱ ጋር ያያይዛል። ፍርዱ የሁለቱ ነው፤ ይፈጸማልም፤ ሦስተኛው ዳኛ ወጥቶ አትፈጽሙ ብሎ አያሳድምም። ጽሑፉ ግን በመዝገቡ ውስጥ ይኖራል፤ ይግባኝ ሰሚው ያየዋል፤ የሕግ ተማሪም ከሃያ ዓመት በኋላ አንሥቶ ያነበዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ችሎቱ ፈረሰ ያለ ሰው ሰምተን አናውቅም። ለማኅበርና ለፓርቲ የምንመኘው ዲሲፕሊን ይህን የመሰለ ነው፤ እጅን ያስራል፥ ብዕርን ግን አያስርም።

በተለይም ለወጣት ሹማምንት አንድ ትንሽ የሥራ ነገር እናሳስባለን። ቃለ ጉባኤ የምትይዙት እናንተ ናችሁ። «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» የሚለው ቃል በብዙ መዝገብ ላይ ሁለት ሰው እየተቃወመ፥ አንዱም ዝም እያለ ይጻፋል። ስብሰባው አምሮ እንዲታይ፥ ወይም ሰብሳቢው እንዳይከፋ ነው። የተቃወመው ሰው ምክንያት በሁለት መሥመር ቢሰፍር ግን ውሳኔው አንዲት ፊደል አይጐድልበትም። በጥናት ክበብ ያላችሁ ተማሪዎችም መሪው የጠየቀውን ጥያቄ ብቻ ሳይሆን፥ አባል ለመሪው የጠየቀውንና ያልተመለሰለትን በደብተራችሁ ያዙ።

ከላይ ያነሣናቸው ካርል ሊብክኔኽት በዲሴምበር 1914 ለብቻቸው በተቃወሙ ጊዜ፥ ለምን እንደ ተቃወሙ በወረቀት ጽፈው ከጉባኤው ቃል ጋር እንዲመዘገብላቸው ለሸንጎው ፕሬዚዳንት ሰጥተው ነበር። ፕሬዚዳንቱ አልመዘግብም ብለው መለሱላቸው። ወረቀቱ በድብቅ ታተመና ከእጅ ወደ እጅ ሄደ።